የሚጮኸው ቤዙ ነው ወይስ ቤቱ? በጎንደር ቤዝ ጊታር ለሚገዙ

አዘዞ አካባቢ አንድ ሠርግ ላይ ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ ጀነሬተሩ ከጀርባ ይንደቀደቃል። ዘፈኑ ቆሞ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ተነሡ። እኛ ቁጭ ብለን «አሜን» ስንል ከድምፅ ማጉያው «እምምም» የሚል ነገር አብሮን አሜን ይላል። የእኔ ቤዝ ነበር፤ ቮልዩሙን ሳልዘጋ ምሰሶ ላይ አስደግፌው ነው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዙሪያቸውን ቃኝተው «ምነው፣ ንብ ገባ እንዴ?» አሉ። ምርቃቱ በሳቅ ተቋረጠ።

ቤዙ የተዋስኩት ነበር፣ ድምፁን እስከ ዛሬ የምመኘው ዕቃ። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም የጮኸው፤ ለዚያ ድንኳን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝን ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የት ነው የምትጫወተው? ዕቃ ሲተዋወቅ ስለ እንጨቱና ስለ ቀለሙ ብዙ ይወራል፤ ፀጥታው ግን ከተነሣም መጨረሻ ላይ ነው። ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የሌለው ሶኬት በየአዳራሹ ባለበትና ጀነሬተር የባንዱ ስድስተኛ አባል በሆነበት ከተማ ግን ፀጥታ ወደ ፊት መምጣት አለበት።

መጀመሪያ ጩኸቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ

ፒክአፕ ማለት ማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከጸጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውከዋል፤ በዚያ ምክንያት ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ወደ አምፑ የሚሄደው እሱ ነው። ችግሩ ጥቅልሉ የሚሰማው ክሩን ብቻ አለመሆኑ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለፈውን መስመር፣ የአምፑን ትራንስፎርመር፣ የፍሎረሰንቱን ባላስት፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ሁሉንም ይሰማል።

የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ለቤዝ ተጫዋች ይህ ቁጥር ተራ አይደለም። በወፍራሙ ኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መከፋፈያ) ላይ ያለው ጂ የሚባለው ኖታ 49 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 49 ንዝረት ነው። ሳይያዝ የሚመታው ጂ ክር ደግሞ 98 ኸርዝ ሲሆን የመብራቱ እጥፍ 100 ነው። ማለትም የመብራቱ ጉርምርምታ ከጂ ጥቂት ከፍ ብሎ የቆመ፣ ቅኝት ያልጠበቀ ጂ ነው። በጂ ዘፈን ውስጥ ረጅም ኖታ ስትይዙ ድምፁ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲወዛወዝ የምትሰሙት ለዚህ ነው። በትንንሽ ድምፅ ማጉያ 50ው ራሱ አይወጣም፤ 100ውና 150ው ነው የሚወጣው። ጆሮን የሚነዘንዘውም እሱ ነው።

እንግዲህ ቤዙን ከመርገም በፊት ሦስት ነገር ሞክሩ።

የቤዙን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ጩኸቱ ካልቀነሰ ፒክአፑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የጃኩ፣ የአምፑ ወይም የሶኬቱ ነው። በጣም የተለመደው ደግሞ አምፑ በአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ በአዳራሹ ሌላ ጫፍ ባለ ሶኬት ተሰክተው በኬብል ሲገናኙ የሚፈጠረው ነው፤ በሁለቱ ግራውንድ መካከል ኤሌክትሪክ ይዞራል። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብቻውን ብዙ ጊዜ ያድናል። ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ካላችሁ የግራውንድ ማንሻ ቁልፉ የተሠራው ለዚህ ነው።

ቮልዩሙን ከፍታችሁ ቤዙን እንደያዛችሁ ባላችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ የድሮ ቴሌቪዥን አንቴና እንደሚያስተካክል ሰው። ጩኸቱ ወደ አንዱ አቅጣጫ እየጨመረ ወደ ሌላው ከጠፋ ይህ የጥቅልሉ ጉርምርምታ ነው፤ የመረጣችሁት የፒክአፕ ዓይነት ያመጣው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ክሩን በእጃችሁ ንኩት። ስትነኩ ዝም፣ ስትለቁ «ዝዝዝ» ካለ ጉዳዩ የመከለያ ነው። የቤዙን ሆድ በመዳብ ፎይል ማልበስ የሚረዳው ይህን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፎይል «ዝዝዝ»ን እንጂ «እምምም»ን አያስቀርም፤ የ50 ኸርዙን መግነጢስ ቀጭን መዳብ አያቆመውም። ጓደኛዬ የቤዙን ውስጥ እንደ ቸኮሌት ጠቅልሎት ሲያበቃ እንደ በፊቱ ሲያጉረመርምበት ሻጩን ሊጣላ ተነሥቶ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የአምፑን ግራውንድ መስመር የሚቆርጥ ሰው አለ። ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ተጫዋቹም እንዲሁ። ማይክ ከንፈራችሁን ከነዘረ መድረኩን ለቃችሁ ኤሌክትሪሲያን ጥሩ።

የተሰነጠቀው

አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ በ1951 ነው። ያኔ ፒክአፑ ባለ አንድ ጥቅልል ነበር፣ ይጮኽም ነበር። በ1957 ግን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ግማሽ ለኢና ለኤ ክር፣ ሌላው ለዲና ለጂ። ማኅሌት ላይ የቆመ ሰው በደንብ ይገባዋል፤ ቀኝና ግራ ሆነው እንደሚቆሙት መሪጌቶች እያንዳንዱ የራሱን ወገን ይዟል። ሁለቱ ጥቅልሎች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙ፣ ማግኔታቸውም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ከመብራት የሚገባው ጩኸት አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጣፋል። ክሮቹ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጥቅልል ብቻ ስለሚያያቸው ድምፃቸው አይነካም።

ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ቤዝ ሁልጊዜ ዝም ይላል። ምንም ቁልፍ ብታዞሩ፣ የትም ብትቆሙ፣ ጀነሬተር ላይ ብትቀመጡ። አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን፣ አለቀ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ መሐሉ ሙሉ ነው፤ ኪቦርዱ ታችኛውን ክፍል በግራ እጁ ሲወርር እንኳ አይዋጥም። በእኛ ባንዶች ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ብዙ ኪቦርዲስት ቤዚስት መኖሩን የሚያስታውሰው የደሞዝ ቀን ነው።

ጉድለቱ? አንድ ባሕርይ ብቻ ነው ያለው። ቶኑን ዘግታችሁ ለስላሳ፣ ከፍታችሁ ሻካራ ታደርጉታላችሁ እንጂ ሌላ ሰው አይሆንም። አንገቱም በአብዛኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ እጁ ትንሽ የሆነ ጀማሪ የመጀመሪያውን ወር ያማርራል።

ሁለት ነጠላ ጥቅልል

ጃዝ ቤዝ የመጣው እ.ኤ.አ በ1960 ነው። ሁለት ቀጫጭን ፒክአፖች፣ ለየአንዳንዳቸው ቮልዩም፣ ወደ ራሱ ጠበብ የሚል አንገት። ያ ሠርግ ላይ የጮኸብኝ የዚህ ዘር ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ።

የብዙዎቹ ሁለት ፒክአፖች እርስ በርሳቸው በተቃራኒ የተጠመጠሙ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ስትከፍቱ ጩኸቱ ይጣፋል። አንዱን ዝቅ ባደረጋችሁ መጠን ይመለሳል፤ አንዱን ብቻ ከተጠቀማችሁ ሙሉ በሙሉ። ችግሩ የዚህ ቤዝ ጣፋጩ ድምፅ አንዱን ብቻ ስትጠቀሙ መሆኑ ነው። ከድልድዩ (ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት) በኩል ያለው ለብቻው ሲከፈት ቤዙ በአፍንጫው ይናገራል፤ ያጉረመርማል፣ እያንዳንዱ የጣት ምት ለየብቻው ይሰማል። እስክስታ በሚያስወርድ ፈጣን ችክችካ ላይ ኖታዎቹ አጠር አጠር ብለው ሲወጡ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ደግሞ መሐሉ ይጎደጉዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ፒክአፖች አንዱን ክር ከሁለት ቦታ ስለሚሰሙት አንዳንዱ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትጫወቱ ይህ ድምፅ ያማረ፣ የተወለወለ ነው። ድራሙ፣ ኪቦርዱና ማሲንቆው ሲገቡ ግን ቤዙ የት እንደደረሰ ትጠይቃላችሁ። ብዙ ጀማሪ «አምፑ አቅም የለውም» ሲል የምሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጃዙን የምመክረው ለሚቀርፅ ሰው ነው፣ ወይም መብራቱ በሥርዓት በተዘረጋ አዳራሽ አዘውትሮ ለሚጫወት። ቤት ውስጥ ስትቀርፁ ፊታችሁን ወደ ግድግዳም ወደ መስኮትም አዙራችሁ ጩኸቱ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ታገኛላችሁ፤ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ጀርባ ሰጥቶ መቆም አይቻልም።

ድብልቁ፣ ብዙ ሰው የሚሸወድበት

ከፊት የተሰነጠቀው፣ ከኋላ ነጠላው። በዋጋ ከፍ ባላሉ ቤዞች ላይ በብዛት የምታገኙት ይህን ነው፤ የያማሃው ቲአርቢኤክስ 174ም የአይባኔዙ ጂኤስአር 200ም እንዲህ ናቸው። ሻጩ «የሁለቱንም ድምፅ ታገኛለህ» ይላል፣ አልዋሸም። ያልነገራችሁ፣ እዚህ ላይ ሁለቱን እኩል መክፈት ጩኸቱን አያጠፋውም። የፊተኛው ራሱን በራሱ አጣፍቶ ጨርሷል፣ የኋለኛውን ጩኸት የሚያጣፋለት ጓደኛ የለም። የኋላውን በከፈታችሁ ቁጥር ጩኸቱ አብሮ ይገባል።

እኔ እንደዚህ ዓይነት ቤዝ ይዤ ዓመታት ሠርቻለሁ። መድረክ ላይ የኋላው ቮልዩም ዜሮ ነው፤ ፕሪሲዥን ይሆናል። ቤት ስገባ እከፍተዋለሁ። ለመጀመሪያ ቤዝ ይህ መጥፎ ስምምነት አይደለም፤ ብቻ የገዛችሁትን እወቁ። ቆይታችሁ ገንዘብ ሲገኝ የኋላውን ብቻ አውጥቶ በዚያው መጠን በተሠራ፣ ውስጡ ባለ ሁለት ጥቅልል በሆነ ጩኸት አልባ ፒክአፕ መተካት ይቻላል።

ወፍራሙ እና ባትሪው

ባለ ሁለት ጥቅልሉ ሃምበከር በጊብሰን ቤት በሴት ላቨር እ.ኤ.አ በ1955 የተሠራ ዘዴ ነው። ቤዝ ላይ ስሙን ያስጠራው ግን ሚዩዚክ ማን በ1976 ያወጣው ስቲንግሬይ ነው፤ አንድ ትልቅ ፒክአፕ፣ ስምንት የሚታዩ የማግኔት ምሰሶዎች፣ ውስጡ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ። ዝምታው እንደ ተሰነጠቀው ነው። ድምፁ ደማቅ ነው፣ አውራ ጣት ለሚያጮህ ተጫዋች የተሠራ ይመስላል። ለትዝታ ግን ይበዛብኛል። ትዝታ ላይ ቤዝ ከዘፋኙ በታች መተንፈስ አለበት፤ ይህኛው ካልተቆጣጠሩት ከዘፋኙ ፊት ፊት ይሄዳል።

«ባትሪ ያለው ቤዝ አይጮኽም» የሚል ወሬ አለ። ግማሽ እውነት ነው። ፒክአፑ ራሱ ባለ ባትሪ ከሆነ፣ ኢኤምጂ የሚባለው ድርጅት እንደሚሠራቸው፣ በእርግጥ ዝም ይላል። ባትሪው ግን የማጉያው ብቻ ከሆነና ፒክአፖቹ ነጠላ ጥቅልል ከሆኑ ጩኸቱ አጉልቶ ይወጣል፤ ትሬብሉን ስትጨምሩ ደግሞ «ሽሽሽ» ይታከልበታል። ባለ 9 ቮልቷ አራት ማዕዘን ባትሪ ልትሞት ስትል ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጃኩ ቤዙ ላይ እንደተሰካ ሌሊቱን ካደረ ባትሪው ይበላል፤ የሚያበራው መሰኪያው ነውና። ትርፍ ባትሪ በቦርሳ መያዝ የማይሆንለት ሰው፣ እንደ እኔ ያለው፣ ባይገዛው ይሻለዋል።

ሽፋናቸው ድፍን የሆነ፣ የሳሙና ቅርፅ ያላቸውን ፒክአፖች በዓይን አትመኗቸው። በአንድ ዓይነት ጥቁር ሽፋን ውስጥ ነጠላ ጥቅልልም ጥንድም ሊኖር ይችላል። ማየት ስለማይቻል ቅድም ያልኩትን መዞር ዙሩበት፤ እየጨመረ እየቀነሰ ከጮኸ ነጠላ ነው።

ስለ መልክ

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባላል። ቢሆንም ሠርግ ላይ ካሜራ የሚያነሳው ድምፅ አይደለም፤ መልክ ገበያ ያመጣል፣ አልክድም። አንዳንድ ባንድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቀይ ቤዝ የሚይዘው ወዶ ነው።

ለመልክ ስትከፍሉ የምትከፍሉትን ሌላ ዋጋ ግን አስቡ። የቫዮሊን ቅርፅ ያለው፣ ጀርመኖቹ ሆፍነሮች እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጡት ዓይነት፣ ያምራል፤ ቀላል ነው፣ አጭር ነው፣ ትከሻ አይጎዳም። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግን ሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቹ የዞረው ድምፅ ማጉያ) አጠገብ ድምፅ ከፍ ሲል ራሱ መዝፈን ይጀምራል። ሹልና ጠርዛማ ቅርፅ ያላቸው ደግሞ ብዙዎቹ አንገታቸው ወደ መሬት ይወድቃል፤ አራት ሰዓት ሙሉ በግራ እጃችሁ ደግፋችሁ ትጫወታላችሁ። በማሰሪያ ትከሻችሁ ላይ ሰቅላችሁ ሁለቱንም እጅ ልቀቁት፤ ባለበት ከቆመ ጥሩ።

በጭረት አትፍሩ። አሮጌ ቤዝ ቀለሙ ቢላጥ ምንም አይሆንም፤ አንገቱ ከጠመመ ግን ጣጣ ነው። የጎንደር ክረምትና በጋ እርጥበቱ ስለሚለያይ አንገት በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ውስጡ ያለው የብረት ዘንግ በመፍቻ የሚዞር፣ ያልተበላሸ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

እንግዲህ የት ነው የምትጫወቱት?

አዝማሪ ቤት ከሆነ፣ ጠባብ ክፍል፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ማሲንቆና ከበሮ፣ አንዳንዴ ቤዝ ክራርም ያለበት፣ የተሰነጠቀውን ውሰዱ፤ ቶኑን ወደ ግማሽ ዝጉት። ቤዝ ክራር ካለ ታችኛውን ለሱ ትታችሁ ከፍ ባለው ክልል ተጫወቱ፤ ሁለት በሬ በአንድ በረት አይመችም። ሰው አጠገባችሁ ስለሚቀመጥ በዝምታ ጊዜ ትንሿ ጩኸት ትሰማለች።

ድንኳን፣ ሠርግ፣ ለጥምቀት ሰሞን የሚዘረጋ መድረክ ከሆነ፣ ፓውዛና ጀነሬተር ባለበት፣ የተሰነጠቀው ወይም ሃምበከሩ። ክርክር የለውም።

ቤት ውስጥ መቅረፅ ከሆነ ጃዙ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚመጣውን ጩኸት በቤዙ አታሳብቡ፤ ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ።

ባለ አምስት ክሩን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወፍራሙ ቢ 31 ኸርዝ ገደማ ነው፤ አብዛኛው የምንጫወትበት ድምፅ ማጉያ ያን አያወጣም። ዘፋኝ በየዘፈኑ ኪይ ለሚቀያይርበት ባንድ ግን እጅን ያሳርፋል። ለመጀመሪያ ቤዝ አራት ይበቃል።

ድምፁን ለመቀየር ሌላ ቤዝ ከመመኘት በፊት ክር ቀይሩ። ለስላሳው ጠፍጣፋ ክር የጣት ፍጭጭታን ያጠፋል፣ ድምፁን ወደ ድሮ ካሴት ይወስደዋል፤ የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በካሴት እየሰማ ያደገ ጆሮ የሚፈልገው አንዳንዴ ይህን ብቻ ነው። ክቡ፣ ሻካራው ክር ደማቅ ነው፣ ቶሎም ይደክማል።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና ዕቃው ከመጫኑ በፊት ላኪው ቤዙን አምፕ ላይ ሰክቶ፣ ሳይጫወት፣ እየዞረ እንዲቀርፅላችሁ ጠይቁት። ሲጫወት የተቀረፀ ሁሉ ያምራል።

ባለፈው ማራኪ ግቢ የሚማር አንድ ልጅ ፒያሳ ይዞኝ ሄደ። ሁለት ቤዝ ቀርበውለታል፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጃዝ፣ ሌላው ክንድ የሚያርፍበት ላይ የተፋቀ ቡናማ ፕሪሲዥን።

«ጋሼ፣ ጥቁሩ አያምርም?»

«ያምራል። እስቲ ሰካውና እጅህን አንሣ።»

ሰካው፣ እጁን አነሣ። ከላያችን ያለው ፍሎረሰንት የሱቁን ወሬ ሁሉ ለአምፑ ነገረው። ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ሳቀ።

«ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ክፈት» አልኩት። ዝም አለ። «አየህ? አሁን አንዱን ብቻ ዝጋ።» ተመለሰ።

«ሠርግ ነው አይደል የምትሠራው?»

«አዎ ጋሼ፣ ከፋሲካ በኋላ አራት ተይዞልናል።»

ቡናማውን ወሰደ። ፎቶ ሲነሣ ግን ክንዱን ከተፋቀችው ቦታ ላይ አንሥቶ አያውቅም።